የቤት ለቤት ቆሻሻ ማንሳትና የመንገድ ጽዳት አገልግሎት በግንፍሌ ሰፈራችን፦ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የተጻፈ ግምገማ

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው ሰፈር መኖር ከጀመርኩ 21 ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ወረዳችን ነዋሪውን ሰብስቦ፣ ቆሻሻ ማንሳቱንና የመንገድ ጽዳቱን አንድ ላይ አድርጎ በጨረታ ለአንድ የግል ድርጅት ለመስጠት ማሰቡን ገልጾ አስተያየት ጠየቀን። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ስለነበረ ለመናገር የቻልኩት ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረውን እንደ አንድ ተጠቃሚ እዚህ አቀርባለሁ፤ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት አሁን ያለን አገልግሎት የቱ ላይ እንደሚበረታ፣ የቱ ላይ እንደሚሰበር በትክክል መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁና።

በስብሰባው ላይ ክርክሩ ያተኮረው «የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል?» በሚለው ላይ ነበር። ይሁንና ደጃችን ድረስ የሚመጡት ሴቶች የመንግሥት ተቀጣሪዎች አይደሉም። በማኅበር ተደራጅተው፣ ባነሱት ቆሻሻ መጠን የሚከፈላቸው፣ ከየቤቱ የሰበሰቡትን በማዳበሪያና በጋሪ እስከ ገንዳው የሚያደርሱ ሠራተኞች ናቸው። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም ከተሞች በዚህ ሥራ ላይ ኢንቨስትመንት እንዲስፋፋ ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥሩ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ለሌላ መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሊያነጋግረን የሚገባው ለማን እንደሚሰጥ ሳይሆን በምን ውል እንደሚሰጥ ነው።

የቤት ለቤቱን አገልግሎት በሙሉ ልብ አመሰግናለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት፣ በር አንኳኩተው ይወስዳሉ። የትኛው ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት እንዳሉ ያውቃሉ፤ ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊት ማዳበሪያውን ጎትተው ማውጣት ስለማይችሉ ገብተው ከማድቤታቸው ያነሡላቸዋል። ይህን የሚያዝ ውል የለም፤ ለብዙ ዓመት በአንድ መንደር በመመላለስ የመጣ መተዋወቅ ነው። ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ፕላስቲክና ካርቶኑን እዚያው ለይተው ለብቻ ይይዛሉ፤ ሽያጩም ለገቢያቸው ድጎማ ነው። አንድ ድርጅት ሥራውን ጠቅልሎ ሲወስድ ሃይላንዱ የማን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በስብሰባው ላይ አንስቼ መልስ አላገኘሁም። የማዝነው ብዙ ጊዜ ጓንት ሳይኖራቸው በባዶ እጃቸው ሲሠሩ ሳይ ነው። ከፋሲካ ማግሥትም፣ ቆሻሻው እጥፍ በሚሆንበት ሳምንት፣ አንድ ዙር አልፎን ያውቃል።

አገልግሎቱ የሚሰበረው ገንዳው ላይ ነው። የእኛ ገንዳ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ ይገኛል። ማክሰኞ ይሞላል፤ መኪናው አንዳንዴ ረቡዕ፣ አንዳንዴ ቅዳሜ ይመጣል። ባለፈው ነሐሴ ሞልቶ ዘጠኝ ቀን ሳይነሣ ቆይቷል፤ ቀኑን እየቆጠርኩ በማስታወሻዬ ይዤዋለሁ። በዚያ ሳምንት ማዳበሪያዎቹ ከገንዳው ዙሪያ ተከምረው፣ ውሾች ቀዳደዋቸው፣ የጫት ገረባውና ፌስታሉ በዝናቡ ታጥቦ የጎርፍ መውረጃውን ደፈነው። ጎርፉም አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ወንዙ ሲወርድ ልጆች በዚያው ውሃ ውስጥ እየረገጡ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዷን ምን እንደሆነ ስጠይቃት «እትዬ፣ እኛ የየቤቱን አንስተናል፤ ገንዳው ከሞላ የት እናድርሰው?» አለችኝ። ነዋሪው ግን የሚቆጣው የሚያያትን እሷን ነው፤ ሾፌሩንም ሆነ ስምሪቱን የሚያወጣውን ሰው አያያቸውም።

ከገንዳው ወዲያ ያለው ጉዞ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚጣልበት ቆሼ ከመሃል ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አንድ መኪና በቀን ስንት ጊዜ ሊመላለስ እንደሚችል የሚወስነው ይህ ርቀትና የመንገዱ መጨናነቅ ነው። ሰንዳፋ ላይ በ2008 የተከፈተው ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲዘጋ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ደግሞ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በነሐሴ 2010 እዚያው ቆሼ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ይህን ሁሉ የማነሣው በስብሰባው የቀረበልን ሐሳብ ስለ ቤት ለቤቱና ስለ መጥረጊያው ብቻ ስለነበረ ነው። መኪናውና ገንዳው ከጨረታው ውጭ ከሆኑ አዲሱ ድርጅት ሠራተኞቹን አዲስ የደንብ ልብስ አልብሶ ያንኑ ማዳበሪያ ከዚያው ሞልቶ ከፈሰሰ ገንዳ ሥር ያስቀምጣል።

የመንገድ ጽዳቱ ሁለት መልክ አለው። በዋናው መንገድ፣ በተለይ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ወዲህ፣ ሥራው የሚያኮራ ነው፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጠራጊዎቹ መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፣ ሲነጋም ሰፊው የእግረኛ መንገድ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀናል። በውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ግን ጠራጊ የሚታየው ትልቅ እንግዳ ሲጠበቅ ወይም የጽዳት ዘመቻ ሲታወጅ ነው። ኮብልስቶኑ መካከል የሚገባውን አቧራና የሸንኮራ ልጣጭ የሚያወጡት እናቶች በየደጃፋቸው ነው። ጨረታው መንገዶቹን በስም ካልዘረዘረ የግል ድርጅትም ለዓይን የሚታየውን ጠርጎ ቢሄድ አልፈርድበትም።

ስለ ክፍያውም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። እኛ የጽዳቱን የምንከፍለው ከውሃ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ነው፤ ገንዳው ቢነሣም ባይነሣም ሒሳቡ አይለወጥም። ለአንሺዎቹ የሚከፈለው ደግሞ በተጫነው መጠን ነው። በሜትር ኩብም ይሁን በኪሎ፣ የሚለካው የሄደው ቆሻሻ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ለቀረው ተጠያቂ የለም። ከከተማችን የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ትርፍራፊና የሚበሰብስ ነገር ነው፤ በሐምሌ ዝናብ የራሰ ማዳበሪያ በኪሎ ሲለካ ትርፍ ያስገኛል፣ ቆሻሻውን ቀንሶ ብስባሽ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ግን ገቢው ይቀንሳል። በእኔ እምነት ውሉ መመዘን ያለበት ገንዳው ሞልቶ በቆየበት ሰዓትና በየመንገዱ በቀረው ቆሻሻ ነው። ልኬታውንም ከወረዳው ጋር ሆኖ ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ሊይዘው ይገባል።

የግል ድርጅት መግባቱን አልቃወምም። መኪና፣ መለዋወጫና ጥሩ ስምሪት የሚያመጣ ከሆነ ማኅበሩ ሊያደርገው ያልቻለውን ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ለአሁኑ የቤት ለቤት አገልግሎት ከአምስት አራት፣ ለመንገድ ጽዳቱ ሦስት፣ ለገንዳው አንድ የምሰጠው እያንዳንዱን ለይቼ ስላየሁት ነው፤ ጨረታው አራት ያገኘውን አፍርሶ አንድ ያገኘውን እንዳለ የሚተው ከሆነ ጉዳቱ የእኛ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነጥብ በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፦ የማኅበሩ ሴቶች ከነሃይላንዳቸው በሥራቸው እንዲቀጥሉ፣ መኪናውና ገንዳው በውሉ ውስጥ እንዲካተቱ፣ ገንዳው ሞልቶ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ ከክፍያው እንዲቀነስ። እነዚህ በሰነዱ ላይ ካልሰፈሩ ድምፅ ሲጠየቅ እጄን አላነሣም።