ናፍፕሊዮ ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን ፓኬጅ እንዳትገዙ

አቴንስ የምትኖሩ፣ በተለይ ዘመድ ከአገር ቤት መጥቶላችሁ የት ልውሰዳቸው የምትሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። በቴሌግራም የሚዞረውን «ባሕርና ምሽግ፣ የአንድ ቀን ሽርሽር፣ ሁሉን ያካተተ» የሚለውን ፓኬጅ ነው የምላችሁ። በነፍስ ወከፍ 75 ዩሮ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቴና እማዬ ሆነን 300 ዩሮ ከፈልን። ሙሉውን አስቀድመው ነው የሚቀበሉት። ደረሰኝ ስጠይቅ «የአገር ልጆች አይደለን እንዴ!» ተባልኩ። አፍሬ ዝም አልኩ። መንቃት የነበረብኝ እዚያው ላይ ነበር።

ከተማዋ ናፍፕሊዮ ራሷ እንከን አይወጣላትም። ከአቴንስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ናት። ግሪክ ነጻ ስትወጣ፣ አቴንስ በ1834 ዋና ከተማ እስክትሆን ድረስ፣ መንግሥቱ የተቀመጠው ናፍፕሊዮ ነበር። ከበላይዋ፣ 216 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፓላሚዲ አለ። ቬኒሳውያን፣ የጣሊያኗ የቬኒስ ሰዎች፣ ከ1711 እስከ 1714 የሠሩት ምሽግ ነው፤ በዓመቱ ኦቶማኖች ወሰዱባቸው። እማዬ ፎቶውን ስልኬ ላይ ካየች ጀምሮ ወሬዋ ሁሉ እሱ ሆኖ ነበር።

ሚኒባሱ ከደረጃው ሥር አቆመን። አስጎብኚው ወደ ላይ እየጠቆመ «999 ደረጃ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ማዘር አይችሉትም፤ ከዚሁ ፎቶ ተነሱ» አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። አንገቷን ቀና አድርጋ ግንቡን ብዙ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ይሁን፣ ካየሁት ይበቃል» አለች።

ማታ ላይ ከአንድ ባለሱቅ ነው የሰማሁት። በሌላው ወገን አስፋልት አለ። መኪና እስከ ላይኛው በር ድረስ ይሄዳል። ያው ሚኒባስ ሊያደርሳት ይችል ነበር! ላይ ብንወጣ ግን የመግቢያ ትኬት ሊቆርጡልን ነው። ትኬቱን ደግሞ በ75 ዩሮው ውስጥ ከፍለነዋል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። 999 የሚባለውም የአገሬው አባባል እንጂ የቆጠሩት ሰዎች ከዚያ ያንሳል ነው የሚሉት።

«የግል ባሕር ዳርቻ» ብለው የሸጡልን አርቫኒቲያን ነው። ከአሮጌው ከተማ በእግር ይደረሳል፤ ጠጠር ነው፣ ውኃው ጥርት ያለ። የማንም የግል ግን አይደለም። በግሪክ ሕግ ባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ፎጣችሁን አንጥፋችሁ ብትቀመጡ ማንም ገንዘብ ሊጠይቃችሁ አይችልም። የሚከፈለው ለወንበርና ለጃንጥላ ነው፤ እሱንም ለብቻው አስከፈሉን።

ምሳው «ተካቷል» የተባለው ሰላጣና ዳቦ ሆኖ ተገኘ። ዓሣውን አስተናጋጁ ሜኑ ሳያሳየን አመጣው። ግሪክ ውስጥ ትኩስ ዓሣ ብዙ ጊዜ በኪሎ ነው የሚሸጠው፤ ይህን አታውቁ ከሆነ አሁን ያዙት። ሳይጠበስ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፣ ፊታችሁ ይመዘን። እኛ ሁለት ዓሣ በልተን 112 ዩሮ መጣብን። ሂሳቡ በእስክሪብቶ ብጫቂ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። ሕጋዊ ደረሰኝ ያልተሰጠው ሸማች የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት የግሪክ ሕግ ይላል፤ ማስታወቂያውም በየምግብ ቤቱ ይለጠፋል። እኔ አላወቅኩም፣ ከፈልኩ። እናንተ ደረሰኝ ጠይቁ። እምቢ ካሉ የሸማቾች መስመር 1520 ነው፣ የቱሪስት ፖሊስ 1571።

ከቀኑ ሁሉ እማዬን ደስ ያሰኛት ፓኬጁ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው። ሚኒባሱን ስንጠብቅ በጠባቡ መንገድ ስንሄድ ትንሿን የቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን አገኘን። የግሪክ የመጀመሪያው መሪ ካፖዲስትሪያስ በ1831 የተገደለው በሯ ላይ ነው። የጥይቱ ምልክት ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል። እማዬ ደጁን ተሳልማ ቆማ ጸለየች። ማንም ሳንቲም አልጠየቃትም።

በራሳችሁ ሂዱ። አቴንስ፣ ኪፊሶስ መናኸሪያ የኬቴል (ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ) አውቶቡስ አለ፤ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የምሽጉን ትኬት በሩ ላይ ትቆርጣላችሁ። አሸዋ የምትወዱ፣ ካራቶና የሚባለው ባሕር ዳርቻ ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ከያዛችሁ ከከተማው ታክሲ ያዙና «ፓላሚዲ፣ ላይኛው በር» በሉት።

እማዬ የምትመለሰው በመስከረም መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት እኔው ወስጄ ላይ አወጣታለሁ።