የእግሬን ሕመም ወገቤ ላይ ያገኘችው ባለሙያ

በደብረ ብርሃን የምትሠራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ። በዕድሜ የልጄ እኩያ ናት፤ እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «ጋሼ» እያለች ትቆጣኛለች።

የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ጥቅምት ላይ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ስንጭን ሰው አንሶን ነበርና ጎንበስ ብዬ አንድ ጆንያ አነሣሁ፤ ወገቤ ቀጭ አለ። ያን ዕለት እንደ ምንም ጣርማበርን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ከግራ መቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ አልፎ ባቴ ውስጥ ገባ። ሲያስነጥሰኝ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ከመቀመጥ መቆም ይሻለኛል፤ ለሹፌር ከዚህ የባሰ ምን አለ? አንድ ቀን ከመኪናው ስወርድ የግራ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ መቅረቱን ያወቅሁት ረዳቴ ከኋላ ሲጠራኝ ነው።

ምክር መቼም አይጠፋም። አንዱ «ብርድ ነው» አለኝ፤ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ለሚያውቅ ሰው ይህ ያሳምናል። ሌላው ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ፤ ሰውየው ጀርባዬ ላይ ቆሞ ረገጠኝ። ከዚያ በኋላ ለአራት ቀናት ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ ባለቤቴ ናት። ወጌሻን አልንቅም፣ በልጅነቴ የዞረ ቁርጭምጭሚቴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ይህ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም።

በመጨረሻ ሐኪም አየኝና ወደዚህች ልጅ ላከኝ። ባቴን አላሸችም። በጀርባዬ አስተኝታ ግራ እግሬን ሳይታጠፍ ወደ ላይ አነሣችው፤ ግማሽ ሳይደርስ ጮኽሁ። በተረከዜ አስኬደችኝ፣ ቻልሁ። በጣቶቼ ስቆም ግን የቀኙ ተረከዝ ተነሥቶ የግራው ከወለሉ አልላቀቅ አለ። የእግሬን የውጭ ጠርዝ በጥጥ ስትነካውም አልተሰማኝም። «ጋሼ፣ እግርዎ ደኅና ነው፤ የታመመው ወገብዎ ነው» አለችኝ።

ዲስክ መንሸራተት የሚባለውን በጎማ አስረዳችኝ። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው፤ በጠቅላላው 23 አሉን። ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንዳለ ከቦታው አይንሸራተትም። ዙሪያው እንደ ጎማ በድርብርብ የተሠራ ጠንካራ ነገር ነው፣ ውስጡ ለስላሳ። የደከመ ጎማ ጎኑ እንደሚያብጥ ሁሉ ዲስኩም ያብጣል፤ ድርቡ ከተሰነጠቀ ደግሞ የውስጡ ይወጣና አጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል። ነርቩ እስከ እግር ጣት ስለሚወርድ ሕመሙ የሚሰማው ታች ነው። አንገት ላይ ከሆነ ሕመሙና መደንዘዙ ወደ ክንድና ወደ እጅ ጣት ይሄዳል። የእኔ የመጨረሻው የወገብ ዲስክ ነው፤ እሱና ከበላዩ ያለው ከሌሎቹ ይልቅ ይጠቃሉ።

ተበድሬ አዲስ አበባ ኤምአርአይ የሚባለውን የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ ልነሣ ስል የከለከለችኝም እሷ ናት። ምንም የማያማቸው ሰዎች ቢነሡ ያበጠ ዲስክ ሊገኝባቸው ይችላል፣ አብዛኛው ታማሚም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል አለችኝ። የእግሬ ድካም ከጨመረ ወደ ሐኪሙ ራሷ እንደምትመልሰኝ ነገረችኝ። አንድ ነገር ግን እንደ ዳዊት አስደገመችኝ፤ ኮርቻ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው።

አልጋ ላይ መዋሉን አስተወችኝ። በሆዴ ተኝቼ በክንዶቼ ቀና ማለትን፣ መራመድን፣ መንገድ ላይ እየቆሙ መውረድን አስተማረችኝ። በዘጠነኛው ሳምንት የግራ ተረከዜ ከወለሉ ተነሣ። ትንሿ ጣቴ ግን እስካሁን ድንዝዝ ናት።

ቦታውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ወረፋው ረጅም ነውና ማልዳችሁ ድረሱ። ያዘዘቻችሁን እንቅስቃሴ ሳትሠሩ «ሠርቻለሁ» እንዳትሏት፤ እኔን በሁለተኛው ቀጠሮ ነው የያዘችኝ።