ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ለከበዳችሁ፦ እኔን ያስጠኑኝን መምህር ልጠቁማችሁ

በኦንላይን የሚያስጠኑኝን የኢሚዩኖሎጂ መምህር ሳላመሰግን መቅረት አልፈልግም። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም። ሥራቸው ግን መነገር አለበት።

ኮምፕሊመንት የሚባለውን የሰውነት መከላከያ የተማረ ያውቀዋል። በደም ውስጥና በሴሎች ሽፋን ላይ ያሉ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ናቸው። ብዙዎቻችን የምንሸመድደው ቅደም ተከተሉን ነው። መጨረሻ ላይ የባክቴሪያው ሽፋን ይበሳል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ አለቀ። እሳቸው ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ከዚህ «አለቀ» ላይ ነው። «ቀዳዳው የገዛ ሴላችን ላይ ቢከፈትስ?» ይላሉ።

መልሱ በጣም ደስ ይላል። ኒውክሊየስ ያለው ሴል በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ከሆኑ፣ የተበሳውን የሽፋን ክፍል ቆርሶ ወደ ውጭ ይጥለዋል፤ ወይም ወደ ውስጥ ስቦ ያስወግደዋል። እስከዚያው ግን በቀዳዳው ካልሲየም ገብቷል፣ የሴሉም የመልእክት መስመሮች ነቅተዋል። እንደ ሴሉ ዓይነት፣ አንዳንዱ ከሞት ይጠበቃል፤ አንዳንዱ ለመከፋፈል ይነሳሳል። ገዳይ ብለን ያጠናነው ነገር መጠኑ ሲያንስ ሴሉን ያተርፈዋል ማለት ነው!

ከዚያ ወደ ጉበት ወሰዱን። ጉበታቸው በከፊል የተቆረጠ አይጦች ሲ3 ወይም ሲ5 የተባሉት የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ከሌላቸው፣ ጉበቱ እንደሚገባው መልሶ አያድግም። ውጤቱ የአይጥ ከሆነ የአይጥ መሆኑን በግልጽ ይናገራሉ፤ ይህን በጣም አከብርላቸዋለሁ። ካንሰርንም አልዘለሉም። ብዙ የዕጢ ሴሎች ሲዲ55 እና ሲዲ59 የተባሉ መከላከያ ፕሮቲኖችን አብዝተው ይይዛሉ። ስለዚህ ኮምፕሊመንት በቀላሉ አይገድላቸውም።

ተቃራኒውንም አሳዩን። ፒኤንኤች በተባለው የደም በሽታ ቀይ የደም ሴሎች እነዚሁ ሁለቱ ፕሮቲኖች ይጎድሏቸዋል፤ ስለዚህ ይፈርሳሉ። ሲ5ን የሚያግደው ኤኩሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ለምን የማጅራት ገትር ክትባት እንደሚያስፈልገው ያስረዱን ያኔ፣ ትምህርቱ ከሰው ሕይወት ጋር ተገናኘልኝ።

ጥያቄ ስትጠይቋቸው ቶሎ አይመልሱም። «የትኛው ሴል? ምን ያህል መጠን?» ብለው መልሰው ይጠይቃሉ። ለነገ ፈተና ማጠቃለያ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ አይመቸው ይሆናል። ነገሩን ከሥሩ መረዳት ለሚፈልግ ግን ከእሳቸው የተሻለ አላየሁም። መምህሬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።