የጂሜይል ስፓም ማጣሪያ፦ ወንፊቱ ደህና ነው፣ እጀታው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል

አይፈለጌ መልእክትን በመለየት በኩል ጂሜይልን ማማት ይከብዳል። ጉግል ከአይፈለጌው፣ ከአጭበርባሪውና ቫይረስ ካዘለው መልእክት ከ99.9 በመቶ በላይ እንደሚያግድ ይናገራል፤ ቁጥሩን የሰጠው ባለቤቱ መሆኑን ልብ ብለን እንለፈው። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው። ዋና ዋናዎቹ መቆጣጠሪያዎች ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ተጠቃሚ ግን ኢሜይሉን በአብዛኛው የሚከፍተው በስልኩ ነው።

ወንፊቱን አምልጦ የሚገባውን ለማወቅ የዲቪ ኢሜይል ጥሩ መለማመጃ ነው። «እንኳን ደስ ያለዎ፣ ዕጣው ወጥቶልዎታል፣ የቪዛውን ክፍያ በዚህ ሰው ስም ይላኩ» ይላል፤ የንስር ማኅተሙም አይቀርበትም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣ ለወጣለት ሰው በኢሜይል አያበስርም። ውጤቱን አመልካቹ ራሱ፣ ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ከፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ያያል። በግለሰብ ስም በሐዋላ የሚላክ የዲቪ ክፍያ የሚባል ነገርም የለም። ስለዚህ ይህንን ሳይመረምሩ መጣል ይቻላል።

የሥራና የነፃ ትምህርት ዕድል ኢሜይል ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ እውነተኛውም ሐሰተኛውም ይመጣልና። ስልክ ላይ ቀድሞ የሚታየው የላኪው ስም ነው፤ ስም ደግሞ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ከስሙ ሥር «ቱ ሚ» የሚለውን ነክተው አድራሻውን ይዘርጉ። ከአት (@) ምልክቱ በኋላ ያለውን ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ያንብቡት። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ በ«ነጥብ ጎቭ» ያበቃል። «ስቴት» እና «ጎቭ» መሃል ላይ ተሰንቅረው መጨረሻው «ነጥብ ኮም» ከሆነ፣ ቤቱ የሌላ ሰው ነው፤ ታፔላው ብቻ ነው የተሰረቀው።

ከዚህ የጠለቀ ምርመራ የሚያደርገው ክፍል ስልክ ላይ የለም። ኮምፒውተር ላይ መልእክቱን ከፍተው፣ ከመልስ መስጫው ቀስት አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑና «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ይምረጡ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት መስመሮች ይመጣሉ። የመጀመሪያው መልእክቱ የተነሣበት ሰርቨር (ኢሜይሉን የሚልከው ኮምፒውተር) በዚያ አድራሻ ባለቤት የተፈቀደለት መሆኑን ይፈትሻል፤ ሁለተኛው የባለቤቱን ዲጂታል ፊርማ፤ ሦስተኛው ደግሞ እነዚህ ፊት ለፊት ከሚታየው አድራሻ ጋር መስማማታቸውን። አንድ የታወቀ ድርጅት ልኮታል የተባለ ደብዳቤ ዲማርክ ላይ «ፌይል» ካለ መጠርጠር ተገቢ ነው። «ፓስ» ማለቱ ግን የላኪውን ቅንነት አይመሰክርም። አጭበርባሪም የራሱን ዶሜይን፣ ማለትም ከአት ምልክቱ በኋላ የሚጻፈውን ስም፣ ገዝቶ ሦስቱንም ፈተና ማለፍ ይችላል። ፈተናው የሚነግረን ደብዳቤው በእርግጥ ከተጻፈው አድራሻ መምጣቱን ብቻ ነው።

ሪፖርት ማድረጊያው ጥሩ ሆኖ ሳለ በደንብ የማይሠራበት ክፍል ነው። ብዙ ሰው አይፈለጌውን ይሰርዝና ያልፋል። መሰረዝ ማጣሪያውን ምንም አያስተምረውም። «ሪፖርት ስፓም» ሲባል ግን የመልእክቱ ቅጂ ለጉግል ይደርሳል፣ መልእክቱም ወደ ስፓም ማህደር ይሄዳል። ስልክ ላይ ከላይ በቀኝ ባሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ይገኛል። የይለፍ ቃል ወይም የባንክ መረጃ የሚጠይቅ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ «ሪፖርት ፊሺንግ» የሚለው ይመረጣል። «አመልክቼ ምን ተደረገ?» ለሚል ተጠቃሚ መልስ የሚሰጥ የለም፤ የመዝገብ ቁጥር እንኳ አይሰጥም።

ወደውና ፈቅደው የተመዘገቡበትን ማስታወቂያ ግን በስፓም መክሰስ አይገባም። ለእሱ ከላኪው ስም አጠገብ «አንሰብስክራይብ» (ከምዝገባው መውጫ) የሚል አለ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጂሜይል አድራሻዎች በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልክ ሁሉ የንግድ ማስታወቂያው በአንድ ንክኪ መውጫ እንዲኖረውና ጥያቄውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲፈጽም ጉግል አስገድዷል። ይህ እርምጃ ምስጋና ይገባዋል። ከማያውቁት ላኪ በመጣ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን የመውጫ ሊንክ ግን አይንኩ፤ አድራሻው ሰው እንዳለበት ማረጋገጫ መስጠት ይሆናል። ተናዶ «ሁለተኛ እንዳትልኩ» ብሎ መመለስም ያው ነው።

«ብሎክ» የሚለው ደካማው መሣሪያ ነው። የታገደው ሰው የሚልከው ወደ ስፓም ይወርዳል እንጂ ወደ ላኪው አይመለስም፤ አይፈለጌ ላኪ ደግሞ አድራሻውን እንደ ሸሚዝ ይቀያይራል። ለሚታወቅ አንድ አስቸጋሪ ሰው ይሁን፣ ለጅምላው አይረባም።

ትልቁ ጉድለት ፍሬውን ከገለባው ጋር መጣሉ ነው። ስፓም ማህደር ውስጥ የወደቀ ነገር 30 ቀን ቆይቶ ራሱ ይጠፋል፣ ደግሞም ማንም አያስጠነቅቅም። ለሥራ ያመለከተ ወጣት የፈተና ጥሪው እዚያ ሊቀርበት ይችላል፤ በተለይ ጠሪው ኤስፒኤፍና ዲኪም ያላስተካከለ ትንሽ ድርጅት ከሆነ። በሳምንት አንድ ጊዜ ማህደሩን ከፍቶ ማየት፣ ደህናውን «ኖት ስፓም» ማለት፣ አድራሻውን ስልክ ማውጫ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። አስተማማኙ ኮምፒውተር ላይ ለዚያ አድራሻ ፊልተር (መልእክቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ደንብ) ሠርቶ «ኔቨር ሴንድ ኢት ቱ ስፓም» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ይህም ስልኩ ላይ የለም!

ለመከላከሉ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው በሴቲንግ ውስጥ የውጭ ምስሎች ሳይጠየቁ እንዳይከፈቱ ማድረግ ነው፤ ምስሎቹ በጉግል ሰርቨር በኩል ስለሚያልፉ ላኪው ያሉበትን ባያውቅም መልእክቱ መከፈቱን ግን ያውቃል። የሞባይል ዳታም ይቆጥባል። ሁለተኛው በየፎርሙ ላይ ኢሜይል ሲሞሉ፣ በአድራሻዎ ውስጥ ከስምዎ ቀጥሎ ከአት ምልክቱ በፊት የመደመር ምልክትና አንድ ቃል መጨመር ነው፤ ለምሳሌ ለሆቴል ሲሞሉ «ሆቴል» ብለው። ደብዳቤው ያው ወደ እርስዎ ይመጣል፤ አይፈለጌ በዚያ አድራሻ ከጎረፈ አድራሻውን ማን እንደዘራው ይታወቃል። አንዳንድ ፎርም ምልክቱን አይቀበልም።

በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። ላኪው እውነተኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከቀላል መውጫ ጋር ካስቀመጠ ግን አይጠየቅም። ለደንበኞቻቸው በጅምላ የሚልኩ የከተማችን ሆቴሎችና ነጋዴዎች ይህንን ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ዲቪ ሲሞላ በባለ ሱቁ እጅ የተከፈተ ጂሜይል ካለ፣ የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ያውቀዋል ማለት ነው። ወዳጆችዎ ከእርስዎ አይፈለጌ መልእክት ደረሰን ካሉ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ይክፈቱ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ በሴቲንግ ውስጥ የፎርዋርዲንግንና የፊልተርን ገጽ ይመልከቱ፤ ሰርጎ ገብ ደብዳቤዎን ወደ ራሱ የሚያዞርበትን ቦይ የሚቆፍረው እዚያ ነው። ከኢንቦክሱ ግርጌ በቀኝ «ዲቴይልስ» የሚለው ቃል አካውንቱ መቼና ከየት እንደተከፈተ ያሳያል፤ ሳይዘጋ የተረሳውን የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተርም ከዚያው ማስወጣት ይቻላል።