የሲኤንኤ ኮርስ፦ ፈተና ያሳልፋል፣ ሆስፒታል ግን ብቻውን አያስቀጥርም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለአዲስ ገቢ ሀበሻ ከሚመከሩት ሥራዎች አንዱ ሲኤንኤ (ፈቃድ ያለው የነርስ ረዳት) ነው። አጭር ኮርስ የሚሰጡ የግል ትምህርት ቤቶችም ማስታወቂያቸው "በሳምንታት ውስጥ ሆስፒታል" ይላል። ፈተናውን ለማለፍ ጥሩዎቹ ገንዘባቸው ይገባቸዋል፤ የሆስፒታሉ ተስፋ ግን ተጋኗል።

ሰዓቱን በመቁጠር ትምህርት ቤት አይመረጥም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ መስፈርት 75 ሰዓት ነው፤ ሜሪላንድ 100 ትጠይቃለች፣ ከዚያ 40ው ክሊኒካል (ከታካሚ ጋር የሚደረግ ልምምድ)። ይህን ሁሉም ያሟላል። 40ው ሰዓት በምን እንደሚያልፍ ግን ከቦታ ቦታ ይለያል። አንዳንዱ ጋ ተማሪው አልጋ ሲያነጥፍና ኮሪደር ላይ ሲቆም ይውላል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚገባ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ታካሚ አጥቦ፣ አብልቶ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አዛውሮ እንደሚወጣ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ፈልጉ።

ኤንኤንኤኤፒ የተባለው የሲኤንኤ ፈተና በሚሰጥበት ክፍለ ግዛት የተግባሩ ክፍል አምስት ሥራ አለው። እጅ መታጠብ አይቀርም፤ አንዱ ደግሞ ልኬት ነው። የልብ ምት ከፈታኙ ቁጥር በ4፣ ትንፋሽ በ2፣ የሽንት መጠን በ25 ሚሊ ሊትር ቢለያይ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ ግን ያስወድቃል። ሰው በእውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን የዊልቸር ፍሬን ሳይቆልፍ ታካሚ በማንሳት፣ ወይም በብልት ንጽሕና ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት በመጥረግም ይወድቃል። ስህተቱን እዚያው ካስተዋላችሁ ተናግራችሁ እርምጃውን ድገሙት፤ ወደሚቀጥለው ሥራ ካለፋችሁ በኋላ መመለስ የለም። አስተማሪና ተማሪ በአንዴ የሚያዳምጡበት ስቴቶስኮፕ የሌለው የልምምድ ክፍል ደም ግፊት በትክክል ማስተማሩ ያጠራጥራል።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ ትምህርት ቤት የማይነግራችሁ ነገር አለ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ቀጥሮ ሲያሠለጥን ከሠራተኛው የኮርስና የፈተና ክፍያ መውሰድ አይችልም። በራሳችሁ ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ተቋም ከቀጠራችሁ ደግሞ ወጪው በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲመለስ የፌዴራል ደንብ ያዛል። ደረሰኝ አትጣሉ።

ወደ ሆስፒታል ስንመጣ፣ ሥራ ሲፈልግ "ሲኤንኤ" ብሎ ብቻ የሚፈልግ ብዙ ክፍት ቦታ ያመልጠዋል፤ ብዙ ሆስፒታል "ፔሸንት ኬር ቴክኒሺያን" ብሎ ነው የሚያወጣው። ቢኤልኤስ (ልብ ወይም ትንፋሽ ለቆመበት ሰው የመጀመሪያ እርዳታ) ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ የልብ ማኅበር መሆን አለበት፤ በኢንተርኔት ብቻ የተገኘና አሻንጉሊት ላይ ያልተለማመዱበት ካርድ ይመለሳል። በልጅነቱ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) የተከተበ ሰው የቲቢ የቆዳ ምርመራ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያሳየው ስለሚችል፣ የደም ምርመራውን (ኳንቲፌሮን) መጠየቅ የቅጥር ሂደቱ በከንቱ እንዳይጓተት ይረዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ስለሚፈጅ ዘግይቶ መጀመር ዋጋ ያስከፍላል። ትምህርት ቤቱ ደም መቅዳትና ኢኬጂ (የልብ ምርመራ) ጨምሮ በጥቅል ሲሸጥላችሁ አትቸኩሉ፤ ሆስፒታሎች ራሳቸው የሚያሠለጥኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

በቃለ መጠይቅ ላይ "ሁለት ታካሚ በአንዴ ቢጠሩስ?" ይባላል። "በተራ" ማለት ደካማ መልስ ነው፤ ለመውደቅ የተጋለጠውን አስቀድሞ፣ ለነርሷ ነግሮ፣ ሌላውን ታካሚ የሚያይ ሰው መጥራት ነው የሚፈለገው። ታካሚ መድኃኒት ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ ለነርስ ማሳወቅ። ልምድ ከተጠየቀና ከሌለ፣ ፒአርኤን (ሲያስፈልግ ብቻ የሚጠራ ሠራተኛ) ወይም በሽተኛ የሚጠብቅ ሲተር ሆኖ መግባት ከአንድ ዓመት ነርሲንግ ሆም የሚያጥር መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ፒአርኤን ግን ሰዓት አያረጋግጥም።

ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ ለተከታታይ 24 ወር በሙያው ተከፍሏችሁ ካልሠራችሁ እንደገና ተምራችሁ መፈተን፣ ወይም ቢያንስ እንደገና መፈተን አለባችሁ፤ አሠሪ በጽሑፍ የማያረጋግጠው የቤት ውስጥ እንክብካቤም አያድናችሁም።