መጫኛው ደህና ነው፣ ቀለበቱ ግን ከዳኝ

ብስክሌቴ ላይ የፊት ዕቃ መጫኛ ካስገጠምኩ 10 ወር ሆነኝ። ልጄ ከኋላ ስለምትቀመጥ አስቤዛው ወደ ፊት መዞር ነበረበት። ባሕር ዳር መንገዱ ሜዳ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ጭኖ በብስክሌት መመለስ ደስ ይላል። እስከ ሐምሌ ድረስ ብትጠይቁኝ ምስጋና ብቻ ነበር የምጽፈው።

ሐምሌ መሀል ላይ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስደርስ ከፊቴ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ቆምኩ። የመጫኛው ግራ እግር ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ተንሸራቶ ራጂውን እየነካ ነበር። ትንሽ ገባ ቢል የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የፊት ጎማ በድንገት ቀጥ ሲል ሰው በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ነው የሚወድቀው። ልጄ ከኋላዬ እየዘፈነች ነበር። የቀረውን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋሁ ቤት ገባሁ።

የእኔ ፎርክ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ፣ የመጫኛ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ የለውም ነበር። ስገዛ ለሻጩ ነግሬዋለሁ። «ችግር የለውም፣ በቀለበት ታቅፎ ይታሰራል» አለኝ። ችግር አለው ወንድሜ! የፎርክ እግር ወደ ታች እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ወፍራሙ ቦታ ላይ ጥብቅ ያለ ቀለበት ትንሽ ዝቅ ካለ ይሰፋዋል። ከሰፋው በኋላ ማን ይይዘዋል?

«ከልክ በላይ ጭነህ ይሆናል» ትለኝ ይሆናል። መጫኛው ላይ 15 ኪሎ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። የጫንኩት 8 ኪሎ ነው። «አላጠበቅኸውም» እንዳትለኝ ደግሞ እሁድ እሁድ አጠብቀው ነበር። ከዚያ በላይ ቢጠብቅ የፎርኩ ቱቦ ይጨረመታል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጬ ቀለበቱ ሥር ደርቤበትም ነበር። በበጋ ያዘልኝ፣ ዝናብ ሲገባበት ግን እሱም አሟለጨ።

መጨረሻ ላይ ፎርኩን ቀየርኩ። የሠፈራችን ሳይክል ሠሪ ከአሮጌ ብስክሌት የወጣ የብረት ፎርክ አገኘልኝ። ከታች፣ አክስሉ አጠገብ፣ በግራም በቀኝም ቀዳዳ አለው። የ5 ሚሊ ብሎን ልክክ ብሎ ገባበት። በንዝረት እንዳይላላም ውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ዳዶ አደረገበት። አሁን ክብደቱ የሚያርፈው ብሎኑ ላይ ነው። በዚያው ኮብልስቶን የቀረውን ክረምት ሙሉ ተመላለስኩበት፣ ንቅንቅ አላለም።

ዕቃ ከፊት ሲጫን መሪው መጀመሪያ ሰሞን ይከብዳል፣ ይለመዳል።

መጫኛውን በመግዛቴ አልቆጭም። ብረቱ አልጎበጠም፣ ቀለሙም እንዳለ ነው። «ፎርኬ ቀዳዳ የለውም» እያልኩት ቀለበት በሸጠልኝ ሰው ላይ ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። አራቱንም ቀለበቶች ሌላ ሰው እንዳያስርባቸው በመጋዝ ቆርጬ ጣልኳቸው።