«ብርቅዬ ነጭ ቡችላ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቀብድ አትክፈሉ

እዚህ አሜሪካ ለልጆቻችሁ ቡችላ ልትገዙ ያሰባችሁ ይቺን አንብቡልኝ። «ብርቅዬ ነጭ፣ ሰማያዊ ዓይን» እየተባለ በውድ የሚሸጥ የኦስትሬሊያን ሼፐርድ ቡችላ አለ። እህቴ አንዱን ከሌሎቹ እጥፍ ከፍላ ገዛች። ቡችላው አይሰማም። ከኋላው የድስት ክዳን ብናንኳኳ ንቅንቅ አይልም፤ ወለሉን በእግራችን ስንመታ ግን ቀና ይላል። አንድ ዓይኑ ከሌላው ያንሳል፤ ብሌኑም ወደ ጎን ሸሽቷል፣ ዙሪያው የተቦጫጨቀ ይመስላል። ሻጩ «ገና ሕፃን ስለሆነ ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ።

ነጭነቱ ብርቅ ሆኖ አይደለም። ሜርል የሚባል ቡራቡሬ መልክ አለ፤ ግራጫ ላይ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት። ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ያምራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ችግር አያመጣም። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ (ድርብ ሜርል ይባላል) ግን ነጩ ይበዛል። ቀለም የሚሰሩት ሴሎች ለውስጥ ጆሮና ለዓይንም ስለሚያስፈልጉ፣ እነሱ ሲጎድሉ ጉዳቱ እዚያም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ከድርብ ሜርሎቹ 15 በመቶው ሁለቱም ጆሯቸው፣ 10 በመቶው ደግሞ አንዱ አይሰማም ነበር።

ሁለት ሜርል ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ቡችላ አንዱ ድርብ ይሆናል። አርቢዎች ይህን ያውቃሉ። የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሁለት ሜርሎችን ሜርል ቡችላ አይመዘግብም። ስለዚህ «አላወቅኩም» የሚል ሻጭ እኔን አያሳምነኝም። ጉድለትን በብርቅዬ ስም መሸጥ ማጭበርበር ነው።

ሁለቱንም ወላጆች በአካል እዩ። «እናቱ ሜርል አይደለችም» ቢላችሁም የዘረመል ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ሜርል የሚያሳሳው ጥቁርና ቡናማ ቀለምን ነው፤ ፀጉሯ ሙሉ ቢጫ ወይም ክሬም የሆነ ውሻ ተሸክማው ላይታይባት ይችላል። ማጨብጨብም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ጆሮው የሚሰማ ቡችላ ዞር ይላላ! ቤር የሚባለው ምርመራ እያንዳንዱን ጆሮ ለየብቻ ይለካል።

ቡችላውን እኛ አንሰጠውም። በእጅ ምልክት «ቁጭ በል» የሚለውን ለምዷል። እንዲህ ዓይነት ውሻ አውቃችሁ ማሳደግ ከፈለጋችሁ፣ የተጣሉ ውሾችን የሚያነሱ መጠለያዎች ጋ ጠይቁ። ለእነዚያ ሻጮች ግን አንድ ዶላር አትጨምሩላቸው።